ከትያትር ቤት የመለስኩት ጆግ

በፈረንጆቹ 2023 ነው፤ ቶሮንቶ ቅጠሏን የምታራግፍበት ወቅት።

የምኖረው ሬክስዴል ነው። ኤርፖርት አጠገብ ባለ ፋብሪካ የአውሮፕላን ምግብ እናሽጋለን። ከዚያ ሌላ ደመወዝ የሌለው አንድ ሥራ አለኝ። በመስጊዳችን የሴት ጀናዛ፣ የሟች ገላ፣ ከሚያጥቡት አንዷ ነኝ። ሲደወልልኝ ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ይፈራዋል። እኔ አላህ ለዚህ ስላደረሰኝ አመሰግነዋለሁ። የምፈራው ምላስን ብቻ ነው።

የአጣቢ ሕግ አጭር ናት። እጅሽ ያገኘውን አፍሽ አያውጣው። የሟቿ ፊት በርቶ ካየሽ ለቤተሰቧ ትነግሪያለሽ። ሌላው ከውሃው ጋር እዚያው ይፈሳል። ከእምብርቷ እስከ ጉልበቷ ያለው ጨርቅ አይነሳም፤ እጃችን የሚሠራው ከጨርቁ ሥር ነው። የሞተ ሰው ገመናውን መሸፈን አይችልም። ስለዚህ እኛ እንሸፍንለታለን።

ልጄ የተወለደችው እዚህ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። መሐል ከተማ ባለ ትንሽ ትያትር ቤት መብራት ትሠራለች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በበረዶው ወራት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠብቃ፣ "ማሚ፣ እኔም ልማር" አለችኝ። የጀናዛ አጠባውን ማለቷ ነው። ሁለት ረከዓ ሰገድኩና አለቀስኩ።

የመጀመሪያ ቀኗ የእማማ ታናሽ እህት ያረፈችበት ቀን ሆነ። እማማ የምንላቸው አጠባውን ለእኔ ለራሴ ያስተማሩኝን ትልቅ ሴት ነው። ኖርዝ ዮርክ ከልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። አሁን እሳቸውም የሉም፤ ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም ስለሌሉ ነው። ያን ቀን ከማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

"እማማ፣ እርስዎ ካልገቡ ማን ሊገባ ነው?" አልኳቸው።

"አንቺ ግቢ። እህቴ በሕይወቷ ያላሳየችኝን፣ ስትሞት ላይባት አልፈልግም።"

ገባን። ልጄ ጆጉን ይዛ ውሃ አፈሰሰችልኝ። በሟቿ ገላ ላይ አንድ ምልክት ነበር። ምን እንደሆነና የት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። ዕድሜዋን ሙሉ ከእህቷ እንኳ ሸፍናው የኖረችው ነገር መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ልጄ አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ተይው አልኳት በዓይኔ። ተወችው። ገባት ብዬ አመንኩ።

ጀርመናዊቷ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በሙቀቱ ወራት ነው።

የልጄ ትያትር ቤት ነው የጋበዛት። ሰባ ዓመት ይሆናታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች። ኤግሊንተን ዌስት ላይ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ክፍል ተከራይተውላት ነበር፤ ያ ለባቡር ሥራ ለዓመታት ተቆፍሮ የኖረው መንገድ ፊት ለፊት። "ሕይወቴን ሙሉ ረጅም ትርኢት የማሳየው እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር" አለችኝ ስንተዋወቅ። "ይሄ መንገድ በለጠኝ።"

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

"ተዋናይ ናት?" አልኳት ልጄን።

"ኖ፣ ማሚ። ፐርፎርማንስ አርቲስት ናት። መጽሐፍ ትጽፋለች፣ ፊልም ትሠራለች፣ ትሰፋለች። ኤቭሪቲንግ።"

"አንድ ሙያ አልረጋላትም በይኛ።"

"ማሚ።"

አንድ ዓርብ ማታ ቤታችን መጥታ በላች። ሩዙን በእጇ ነው የበላችው፤ ማንም አላስተማራትም። እየበላች ሕይወቷን አወራችልኝ። ሰው ያለውን ሁሉ እንዲህ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። የምታስቀረው አልነበራትም።

የተወለደችው ትልቅ ወንዝ ዳር ባለ ከተማ ነው። አባቷ የትራም ነጂ ነበር። እናቷ ቤቷ ተቀምጣ ለሰው ቤት መስኮት መጋረጃ ትሰፋለች። ልጅቷ ዳንስ ተማረች፤ ሳትጨርስ ጉልበቷ ተበላሸ። ሐኪም ሁለተኛ አትደንሺም አላት። ወራት ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተኝታ ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሣችና ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ባለቤት ጋር ተስማምታ፣ በሱቁ መስኮት ውስጥ የሚሸጥ አልጋ ላይ ተኛች። መንገደኛው በመስታወቱ ያያታል። ቀን ትተኛለች፤ ሲመሽ ተነሥታ ቤቷ ትገባለች። ሰው መስታወቱን እያንኳኳ ይስቅባት ነበር። አባቷም በትራሙ ሲያልፍ አያት።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ደወሉን ደወለልኝ። አላቆመም፤ ግን ደወለልኝ።"

"ለዚህም ይከፈላል?"

ሳቀች። "ያኔ? ያተረፍኩት እንቅልፍ ብቻ ነው።"

አባቷ ሲሞት ዩኒፎርሙን ለብሳ በዚያው ትራም ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ መጨረሻው ተሳፍራ የፌርማታዎቹን ስም ዘፈነች። ስታረጅ ገላዋን በየልደቷ እያስነሣች ፎቶውን አዳራሽ ውስጥ ሰቀለች፤ የተሰፋውን ጉልበቷን፣ በበሽታ የተቆረጠውን ጡቷን። ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። ዓይኔን መለስኩ፤ እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ መጽሐፍ ትጽፋለች። ስለ ጉልበቷ አንድ። ስለ አባቷ ደወል አንድ። ስለ ጡቷ አንድ። በአገሯ የከበረች ሰው ናት አለችኝ ልጄ።

"እንግዲህ ያልጻፍሽው ምን ቀረሽ?" አልኳት።

"እናቴ" አለች።

እናቷ ሆስፒታል ስትሞት እሷ ሌላ ከተማ መድረክ ላይ ነበረች። ሥራው ቀኑን ሙሉ ያለ ንግግር መቀመጥ ነው። ስልኳ ተዘግቷል። ስትጨርስ ነገሯት። ስትደርስ አስከሬኑ ተቃጥሎ ነበር፤ የተናዘዘችው እንደሱ ነው። አመዱን በዕቃ አድርገው ሰጧት።

"ማን አጠባት?" አልኩ። ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው።

"አላውቅም። ማንም አላጠባት ይሆናል።"

አዘንኩላት። ስለዚህ አጠባው በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። በቀኝ መጀመሩን፣ ጨርቁን፣ የመጨረሻውን ውሃ ካፉር ከሚባለው ሽቶ ጋር። ሥርዓቱ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ሊማረው ይችላል። ማንን እንዳጠብኩ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሷ ስትሰማ እህል መብላቷን ተወች።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ልጄ ሁለት ቲኬት ይዛ መጣች። "ላንቺና ለእማማ። ፍሮንት ሮው ነው። ላጣቢዎቹ ክብር ነው ማሚ፣ ሰርፕራይዝ አለው።" እሑድ ከሰዓት ነው። እማማ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው መጡ። ትያትር ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ወንበሩ ለስላሳ ነው ብለው ተገረሙ።

መብራቱ ሲበራ መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጀርመናዊቷ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። ልጄ ከጎን ገባች። በእጇ ጆግ ይዛለች።

ጆጉን አወቅሁት። ሰማያዊ ነው፤ እጀታው ተሰንጥቆ በነጭ ጨርቅ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። የመስጊዱ ጆግ ነው።

"ይቺ ልጅሽ አይደለችም እንዴ?" አሉ እማማ ቀስ ብለው።

"ናት።"

"ጆጉስ? የኛን ይመስላል።"

"ይመስላል" አልኩ።

ልጄ ማጠብ ጀመረች። በቀኝ ጀመረች። ጨርቁን አላነሳችም። እኔ ያስተማርኳትን አንዱንም አላጎደለችም፤ ያናደደኝ እሱም ጭምር ነው። ሕዝቡ ያያል። ከድምፅ ማጉያው የጀርመናዊቷ ድምፅ በእንግሊዝኛ ያነባል። ስለ እናቷ ነው። ስለ መጋረጃው፣ መርፌው ስለ ጠቀጠቃቸው ጣቶች። እስከዚያ ድረስ ደግ ነበር። ከዚያ "እናቴን ባጥባት ኖሮ" አለች፤ "እጄ ከጨርቁ ሥር የሚያገኘው" አለችና ምልክቱን ተናገረች። የእማማን እህት ምልክት። ቦታውን፣ መልኩን፣ ልክ ልጄ እንዳየችው። ለራሷ እናት ሰጠችው።

ወደ እማማ ለመዞር ፈራሁ። ዞርኩ። የልጄን እጅ እያዩ ነበር። የእሳቸው እንግሊዝኛ የሐኪም ቤትና የአውቶብስ ነው። ያ ረብ፣ አታሰማቸው አልኩ። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እማማም ሰው ሲነሣ አይተው ተነሡ። በእነዚያ ባበጡ እጆቻቸው አጨበጨቡ።

ልጄን ሳልጠብቅ እማማን ይዤ ወጣሁ። በሰብዌይ ባቡር እስከ ሰፈራቸው ሸኘኋቸው።

"መሐል ላይ ምንድን ነው ያለችው?" አሉኝ። "ስትደነግጪ አይቼሻለሁ።"

"ስለ እናቷ ነው የምታወራው፣ እማማ።"

"ሞተውባት ነው?"

"አዎ።"

"አላህ ያጽናት።" "የልጅሽ እጅ ለስላሳ ነው። እህቴንም እንዲህ ነው ያጠበቻት?"

"አዎ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ እጄን ይዘው ጭምቅ አደረጉት። ከዚያ እስኪወርዱ ድረስ አልለቀቁትም። እውነቱን ብነግራቸው ገመናውን ሁለተኛ እገልጠዋለሁ። ባልነግራቸው ምስጋናቸውን እየሰረቅሁ ነው። እንዲህ ካለው ቦታ ያስገባኝ የገዛ ልጄ እጅ ነው። ከንዴት ብዛት የሬክስዴሉን አውቶብስ አሳልፌ ሌላ ጠበቅሁ።

የምሽቱን መግሪብ ሰግጄ ስነሣ በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት፤ ጀርመናዊቷንም ይዛት መጥታለች። የሴትዮዋ ፀጉር ገና እርጥብ ነበር።

"ማሚ፣ ለምን ሄድሽ? ሰው ያለቅስ ነበር እኮ።"

"ቁጭ በይ" አልኳት። እንግዳይቱንም ወንበር ሰጠኋት። እንግዳ ናት።

"ያ ምልክት የማን ነው?" አልኩ፤ ሁለቱም እንዲሰሙኝ በእንግሊዝኛ።

ልጄ ገባት። ፊቷ ተለወጠ። "ስም አልጠራንም" አለች።

"ስሟን ሳትጠሪ ገላዋን ጠራሽው።"

"ማንም አያውቅም፣ ማሚ። ፈረንጆች ናቸው።"

"እማማ ፈረንጅ ናቸው?"

"እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም።"

"አይሰሙም ብለሽ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥሻቸው። የእህታቸውን ገመና ፊታቸው ዘረገፍሽው። ተነሥተው አጨበጨቡልሽ። በሰብዌይ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? የልጅሽ እጅ ለስላሳ ነው አሉኝ።"

ልጄ አለቀሰች። ተውኳት ታልቅስ። አላባበልኳትም።

"የጠየቅኋት እኔ ነኝ" አለች ጀርመናዊቷ። "እጅሽ ምን አገኘ አልኳት። እሷ ነገረችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።" ሻይ ቀድቼላት ነበር፤ አልነካችውም። "እኔ ሕይወቴን ሙሉ ምንም ሸሽጌ አላውቅም። ጉልበቴን፣ ጡቴን፣ እርጅናዬን አሳይቻለሁ። ሰውን የሚገድለው መሸሸግ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።"

"ጉልበትሽ የራስሽ ነው። ጡትሽም። ማንም አልከለከለሽም። ይቺ ሴት ግን ያንቺ አይደለችም። አማና ናት።"

"አማና ምንድን ነው?"

ልጄ አፍንጫዋን እየጠረገች መለሰችላት። "አስቀምጪልኝ ተብሎ የተሰጠሽ ነገር ነው። መልሰሽ የምታስረክቢው።"

ሴትዮዋ ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። "ያን ዓረፍተ ነገር ካወጣሁት ሥራው ይፈርሳል" አለች። "ነገ ማታ ትርኢት አለ። መጽሐፉም እየተጻፈ ነው፤ እዚያም ውስጥ አለ። እናቴን አላየኋትም እኮ። ስለ ገላዋ የምናገረው የለኝም።"

"እንደሱ ብለሽ ተናገሪያ። አላየኋትም በዪ። ያላየሽውን ከሰው ሬሳ አትቅጂ።"

ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ቤቴ የመጣን እንግዳ ተቆጥቼ አላውቅም። አልጸጸተኝም። ሴትዮዋ ኮቷን አነሣች። አዎም አላለችኝ፣ እምቢም አላለችኝ። ልጄ በመኪና ላድርስሽ ስትላት በአውቶብስ እሄዳለሁ አለች።

በሩ ሲዘጋ ወደ ልጄ ዞርኩ። "ጆጉን ማን ፈቀደልሽ?"

"ልመልሰው ነበር።"

"ሱቁ ሁሉ ጆግ ሞልቶ የለም?"

"ሪል እንዲሆን ፈልጌ ነው።"

"ሪል ስለሆነ ነው የማይነካው። የት አለ አሁን?"

"ትያትር ቤት።"

"ጠዋት እንሄዳለን" አልኩና ክፍሌ ገባሁ። የሱና ሶላቴን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። የቀን ንዴት እንዲህ ሶላት ውስጥ ሲገባብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ አንድ ነገር ግን አላህን ደጋግሜ አመሰገንኩ፤ ልጄ እዚሁ ቤት ናት። ተቆጥታ በሩን ወርውራ አልወጣችም። ስንቷ እናት ይህን አላገኘችም።

በማግስቱ የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ ጫማዋን አድርጋ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። በመኪናዋ ሄድን። እኔ ሥራ የምገባው ከሰዓት ነው።

ትያትር ቤቱን በቁልፏ ልትከፍት ስትል ክፍት ሆኖ አገኘችው። ጀርመናዊቷ ቀድማን መጥታለች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጆጉ አጠገቧ፣ ጭኗ ላይ ወረቀት። ስታየኝ ተነሣችና ጆጉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"አውጥቼዋለሁ" አለች። "ከመጽሐፉም። በሱ ቦታ ምንም አላነብም። ዝም እላለሁ፤ ከዚያ አላየኋትም እላለሁ።"

"ውሃውስ?"

"ማንም አያጥበኝም። ለእናቴም ውሃ ቀድቶ የሚያጥባት አልነበረም።" ደግማ አሰበች። "ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል።"

"አላህ ይስጥሽ" አልኳት፤ ከልቤ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ተሰርዟል። እሑድ ከአፏ የወጣው ግን ወጥቷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እጇን ጨብጬ ወጣሁ። ሻይ እንጠጣ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

መስጊድ ደረስን። ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ልጄ ተከትላኝ ወርዳ ከማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆመች።

"ልግባ?" አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

"አትግቢ" አልኳት። "እዚያው ቁሚ። እማማ ያን ቀን የቆሙት እዚያ ነው።"

ቆመች። ጆጉን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እጀታው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታሁ፤ የመድረኩ አቧራ ገብቶበት ነበር። አዲስ ጨርቅ ቀድጄ ጠመጠምኩበት፤ አጥብቄ ቋጠርኩትና ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። መብራቱን አጠፋሁ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ከተትኩ፤ ልጄም ፋብሪካው ድረስ አደረሰችኝ።